ጎማው ወይስ ሠርጉ?

ሰሞኑን የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አንዱ ከሌሎቹ ለየት አለብኝ። ሌላ ጊዜ የሚጻፍልኝ ስለ ቅናት፣ ስለ አማት፣ ስለ ቀዘቀዘ ፍቅር ነው። ይሄኛው ግን ስለ ጎማ ነው። አዎ፣ ስለ መኪና ጎማ! መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። ደግሜ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ትሠራለች። ስሜን አታውጣ ስላለችኝ አላወጣም። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፦

«ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ሆኖናል። ለጥር ሠርግ ቀን ቆርጠናል። ሁለታችንም እቁብ እየጣልን ነው ገንዘቡን ያጠራቀምነው። አምና አባቱ ሲያርፉ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ወረሰ። ከዚያ ወዲህ ልቡ እሷ ላይ ነው። ሞተሯን አሠራ፣ ቀለም አስቀባ፣ ዝም አልኩ። አሁን ግን ለአራት ጎማ ብሎ ለቪዲዮና ለፎቶ ከመደብነው የማያንስ ገንዘብ ሊያወጣ ነው። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁ። አንዱ ነጋዴ ጥርሱ ያላለቀ ያገለገለ ጎማ በሲሶው ዋጋ እሰጥሻለሁ አለኝ። ሌላው ደግሞ አዲስ፣ ግን ትንሽ ሰፋ ያለ፣ በግማሽ ዋጋ አሳየኝ። ‹15 ቁጥር እስከሆነ ድረስ ይገባል፤ እንዲያውም ያምርባታል› አለኝ። ይህን ለእጮኛዬ ስነግረው ‹አንቺ አይገባሽም፣ ተይው!› ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በደንብ አንነጋገርም። ጎማ ጎማ ነው፤ ክብ ነው፣ ይሽከረከራል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ሰውየው መኪናዋን ነው የሚያገባው? እስቲ ፍረደን።»

አይ እህቴ! እኔ መካኒክ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። ዳኛም አይደለሁም። ይህ ነገር ግን በእኛም ቤት አልፏል። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት የራሴን ጉድ ላውራልሽ።

እኛም ቤት ቮልስ አለች። በ1961 ዓ.ም. የተሠራች ናት፤ በዕድሜ እኔን ብቻ ሳይሆን ታላቅ ወንድሜንም ታስከነዳለች። አባቴ ለብዙ ዓመት ነድቷታል። እሁድ ጠዋት በባልዲ ውሃና በጨርቅ ሲያጥባት ያየ ሰው ልጅ የሚያጥብ ነው የሚመስለው። ዐይኑ ሲደክም ግን አንድ ቀን ጠራኝና ቁልፉን እጄ ላይ አኖረው። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጎማዎቹ አርጅተዋል። አራቱንም ሳትቀይር ሩቅ እንዳትሄድ።»

እኔ ግን የነበረኝ የሁለት ጎማ ገንዘብ ነበር። ታዲያላችሁ ምን አደረግኩ? ሁለት አዲስ ራዲያል ጎማ ገዛሁና ከፊት አስገጠምኩ። መሪው ከፊት ነው፣ ስለዚህ ጥሩው ጎማ ከፊት ይሁን ብዬ እኮ ነው። የኋላዎቹ የድሮዎቹ ቀሩ፤ ጥርሳቸው ገና አላለቀም ነበርና ምን ይሆናሉ አልኩ። ጎሚስታው ፈታ፣ ገጠመ፣ ብሩን ቆጠረ፣ «በል መንገድህን ያቅናልህ» ብሎ ሸኘኝ።

የዛሬ አምስት ዓመት፣ ወሩ ነሐሴ ነው። ታናሽ እህቴን ይዤ እንጦጦ ማርያም ወጥተን ስንመለስ ዝናቡ ወረደ። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወርደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፍጥነቴ የሚያስወቅስ አልነበረም። አንዱ መታጠፊያ ላይ እግሬን ከነዳጁ አንስቼ ፍሬን ነካ ሳደርግ የመኪናዋ ፊት በሥርዓት ታጠፈ፤ ኋላዋ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ ስጠመዝዝ ነው። ዞረን ፊታችንን ወደ ዳገቱ አድርገን፣ አንድ የኋላ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆምን። እህቴ ግንባሯ ተፈንክቶ ደም ይወርዳል። ከኋላችን ይመጣ የነበረ ሚኒባስ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ሾፌሩ ልጅ ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ዓምድ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

አባቴ በታክሲ ደረሰ። በመጀመሪያ የእህቴን ግንባር አየ። ከዚያ የተጨራመተውን ፓራፋንጎ ዞር ብሎም ሳያይ ጎንበስ አለና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሰ። ሲነሣ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ።

«አንድ ጎማ መሬት የሚነካው ይቺን ታህላለች» አለኝ። «መኪና ማለት አራት መዳፍ ነው። አንተ ሁለቱን መዳፍ ጫማ አጥልቀህ ሁለቱን ባዶ እግር ለቀቅኸው።»

ሌላ አልተናገረም። ቁልፉን ተቀበለኝና ኪሱ ከተተው። ለስምንት ወር አልመለሰልኝም። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ በእነዚያ ስምንት ወሮች ነው ስለ ጎማ የተማርኩት። መርካቶ ጎማ ተራ ውስጥ ለውስጥ ዞርኩ፤ ቮልስ ሲፈቱ ያረጁ መካኒኮች አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የአባቴን የመኪና መጽሐፍ ከሳጥን አውጥቼ አነበብኩ። ያገኘሁትን ለዚህች እህቴም፣ አሮጌ መኪና ለወረሳችሁና ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉም እነሆ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን ማንበብ እወቁ። የቮልስ የጥንት ጎማ ላይ 5.60-15 ይላል። 5.60 የጎማው ስፋት በኢንች ነው፤ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ እሱም በኢንች። በመሀል ያለችው ሰረዝ ጎማው ባያስ መሆኑን ትናገራለች። ባያስ ማለት ውስጡ ያሉት ክሮች በሰያፍ እየተጠላለፉ የተሠራ ነው። ራዲያል ግን ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ከጥርሱ ሥር ደግሞ መቀነት ይታሰራል። ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መሬቱን ግን አጥብቆ ይይዛል። ለቮልስ የሚስማማው ራዲያል 155 አር 15 ወይም 165 አር 15 የሚለው ነው። 155ና 165 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሌላ ቁጥር ካልተጻፈበት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «15 ከሆነ ይገባል» የሚለውን ነገር አትስሙ። የዘንድሮ መኪኖች ጎማ ሰፊና አጭር ነው። በየሱቁ የምታገኙት 195/65 አር 15 የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ ቁመቱን ስታሰሉት ከ155 አር 15 ጋር እኩል ለማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 635 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። ነጋዴው ዋሽቷል አልልም። ችግሩ ያለው ቸርኬው ላይ ነው። የቮልስ ቸርኬ ስፋቱ 4 ወይም 4.5 ኢንች ነው፤ 195 ጎማ ግን ቢያንስ 5.5 ኢንች ይፈልጋል። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ስታስገቡ ከሥሩ ይጨመቅና ሆዱ ይነፋል። መሬቱን በወጉ አይረግጥም፣ መሀሉ ቀድሞ ያልቃል፣ መታጠፊያ ላይ ይዋልላል፣ ሰው ሲጫንባት ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። መሪውም ይከብዳል፤ ቮልስ ደግሞ መሪ የሚያቀልል መሣሪያ እንደሌላት ታውቃላችሁ። እህቴ፣ የሰውየው ጎማ «ያምርባታል» የተባለው እኮ ቆማ ነው።

አጠር ያለ ጎማም ቢሆን መዘዝ አለው። የቮልስን ፍጥነት የሚያሳየው ቆጣሪ ሽቦው የሚነሣው ከፊት የግራ ጎማ መሀል ነው። ጎማው ካጠረ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ቆጣሪውም ከእውነቱ በላይ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ የጎማውን የልደት ቀን ጠይቁ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉ ፊደሎች ቀጥሎ ከሚመጡት የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች እዩ። 3223 ቢል በ2023 ዓመት በ32ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! አራት አኃዝ አጥታችሁ ሦስት ብቻ ካገኛችሁ ደግሞ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና ነጋዴውን አመስግናችሁ ውጡ። አንዳንዴ ይህ ቁጥር በአንድ ጎን ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ አገላብጡት።

ላስቲክ ባይነዳበትም ያረጃል። ፀሐይና አየር ያደርቁታል፤ ደርቆም ይሰነጠቃል። ብዙ የጎማ ፋብሪካዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጥርሱ ቢኖርም ጣሉት ይላሉ። እንግዲህ አሮጌ መኪና የሚነዳው በእሁድና በበዓል ነው። ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ያልቃል። የእኔ የኋላ ጎማዎች ጥርስ ነበራቸው ብያችኋለሁ አይደል? ላስቲካቸው ግን እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። በእርጥብ አስፋልት ላይ እንጨት ምን ይይዛል?

ስለዚህ እህቴ፣ «ጥርሱ ያላለቀ» ያሉሽን ያገለገለ ጎማ ልደቱን ሳታዪ አትንኪው። ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ፣ እንደ እባጭ ያበጠ ቦታ፣ ውስጡ የተለጠፈ ነገር ካየሽ ጨርሶ ይቅርብሽ። ጥርሱንም ለማወቅ በቦዮቹ ውስጥ ከፍ ከፍ ያሉ ትናንሽ ድልድዮች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና አብቅቷል።

አራተኛ፣ አትቀላቅሉ። ባያስና ራዲያል መንገድ የሚይዙበት መላ የተለያየ ነው። በአንድ መስመር ላይ፣ ማለትም ግራውን ባያስ ቀኙን ራዲያል ማድረግ ጨርሶ አይታሰብም። ከሁሉም የከፋው ሌላው ደግሞ እኔ ያደረግሁት ነው። ራዲያሉ ከፊት ሆኖ መሬቱን ቆንጥጦ ሲይዝ የኋላው ቀድሞ ይለቃል። ቮልስ ደግሞ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ሸክሙም የሚበዛው ከኋላ ነው፤ አንዴ ከወጣ ለመመለስ ያስቸግራል። ለሁለት ጎማ ብቻ ገንዘብ ካላችሁ ቆዩ፣ አራት እስኪሞላ ታገሱ። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁጥር ይሁኑ።

አምስተኛ፣ ለማትጠቀሙበት ነገር አትክፈሉ። ከስፋቱ ቀጥሎ 82 ኤስ የሚል ታያላችሁ። 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ አራቱ ሲደመሩ 1,900 ኪሎ ይሆናል። ቮልስ ራሷ ባዶዋን 800 ኪሎ አካባቢ ናት፤ ሙሽሮችና ሚዜዎች ቢጨመሩባትም ይተርፋል። ኤስ ማለት ደግሞ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ይችላል ማለት ነው። ቮልስ ቁልቁለት ብታገኝም እዚያ አትደርስም። ስለዚህ ነጋዴ «ይሄኛው ኤች ነው፣ 210 ይሄዳል» ብሎ ዋጋ ቢጨምርባችሁ ትርፉ የእሱ ነው።

ስድስተኛ፣ ካላማዳሪያውን አትርሱ። የድሮ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ጎማውን በቦታው የምትይዝ ከፍ ያለች ጠርዝ በውስጡ የለውም። ስለዚህ ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራ ጎማ ብትገጥሙበት ንፋሱ ሲቀንስ መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ለራዲያል የሚሆን፣ ቁጥሩ የሚገጥም አዲስ ካላማዳሪያ ግዙ። አሮጌው ተለጥጧል፤ አዲስ ጎማ ውስጥ ሲገባ ይታጠፍና እጥፉ ላይ ይቀደዳል። ደግሞ ጎሚስታው ከመግጠሙ በፊት የጎማውን ውስጥ በእጁ ይዳስስ። የተለጠፈ ወረቀት ካለ ይንቀለው፤ ያቺ ወረቀት ካላማዳሪያውን እየፋቀች ታፈነዳዋለች።

ሰባተኛ፣ ንፋሱን ራሳችሁ ተናገሩ። ነዳጅ ማደያ ስትገቡ ልጁ ለሁሉም መኪና እንደሚያደርገው አራቱንም እኩል አጥብቆ ሊነፋው ነው። ቮልስ ግን እንደሱ አይደለችም። በባያስ ጎማ ከፊት 16፣ ከኋላ 24 ነው። በራዲያል ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ይሆናል። የፊቱ ከኋላው ያነሰበት ምክንያት ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ነው። ፊቷን ከመጠን በላይ ብትነፉት እንደ ፌንጣ ትዘላለች፤ መሪውም አይጨበጥም። የምትለኩትም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ስኮርታውንም እዩ። በብዙዎቹ ቮልሶች የፊት መስታወቱ ላይ ውሃ የሚረጨው በስኮርታው ንፋስ ነው። ውሃው አልረጭ ካለ ስኮርታውም ሳይተነፍስ አልቀረምና መጀመሪያ ያንን ተመልከቱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሠርግ ነውና። ጎማው ላይ ነጭ ቀለበት ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ሲፈበረክ ጀምሮ ነጭ ያለበት ጎማ ካገኛችሁ እሰየው። ከላይ የሚለጠፈው የላስቲክ ቀለበት ግን የራዲያሉን ተጣጣፊ ጎን ያለማቋረጥ ይፈገፍገዋል። ለአንድ ቀን ፎቶ ጎማውን አታስበሉ።

አሁን ወደ ፍርዱ። እህቴ፣ አዝናለሁ፣ በጎማው ጉዳይ እጮኛሽ ልክ ነው። ዋጋው የተወደደው ሰውየው ስለተታለለ አይደለም። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠሩ ልካቸው የሆነ ጎማ ዛሬም ይፈበረካል፤ እንደ ልብ ግን በየሱቁ አይደረደርም። ሲገኝ ይወደዳል።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ በጎማው ልክ ሆነህ በአፍህ ተሳስተሃል። «አይገባሽም» የሚባል ቃል ከአጠገብህ ለምትቀመጥ ሰው አይባልም። ልጅቷ ከሥራ ወጥታ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞራ፣ ዋጋ ጠይቃ መጥታልሃለች። ይህን የምታደርግ እጮኛ ስንት አለች? ጎሚስታው ሲገጥምልኝ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ እንዲህ አይገጠምም» የሚለኝ አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ የእህቴ ግንባር ላይ ዛሬ ጠባሳ አይኖርም ነበር። አንተ ያወቅኸውን አስረዳት። እቁቡ የሁለታችሁ ነው፤ መኪናዋም ውስጥ የምትቀመጡት ሁለታችሁ ናችሁ።

ገንዘቡስ? እሱም መላ አለው። ለሙሽራ መኪና ኪራይ ምን ያህል መድባችኋል? በደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽልኝም፤ ግን ሳትመድቡ አትቀሩም። አዲስ ቀለም የተቀባች፣ ልክክ ያለ ጎማ የተጫማች ቮልስ በአበባና በሪባን ተሸልማ ስትመጣ ከየትኛው የኪራይ መኪና ታንሳለች? የኪራዩን ገንዘብ ጎማው ላይ አውሉት፤ ቪዲዮው በቦታው ይቆይ። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽና ደምረሽ ቀንሰሽ እይው። ካልበቃ ደግሞ መኪናዋ ትጠብቅ። ጎማዎቿ መሬት እንዳይነኩ ከሥር ድጋፍ አድርጎ ያቁማት፤ ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል። ሁለት ብቻ ገዝቶ እንዲነዳ ግን እንዳትፈቅጂለት።

እና ቅዳሜ አብራችሁ ጎማ ተራ ውረዱ። እሱ ቁጥሩን ያንብብ፣ አንቺ የልደት ቀኑን እዪ፣ ዋጋውን ደግሞ አንቺው ተከራከሪ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት እሱን የምትችይበት ይመስለኛል።

አባቴ ቁልፉን የመለሰልኝ አራቱንም ጎማ ገዝቼ ግቢ ውስጥ ሳወርዳቸው ነው። አሁንም ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። የልደት ቀናቸውን በጣቱ እየፈለገ በደከመ ዐይኑ ሊያነብ ሲሞክር እህቴ ጮክ ብላ አነበበችለት። ራሱን ነቀነቀና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የመጀመሪያዋ መንገደኛ ማን እንደነበረች ልንገራችሁ? እህቴ ናት። ሳልጠይቃት ከፊት ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ሠርጉን የጥር ወር ያድርሰን። ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እንገናኛለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!